መድኃኒቱ ሲደርስ ጨዋታው ሲቀር፦ የስኳር ሕመም ያለባቸው ልጆች የሥነ ልቦና ክብካቤ በወረርሽኙ ዘመን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

(ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ይነሣል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጉ በሕይወት መቆየት የማይችሉ ልጆች ምን አጋጠማቸው? ጥያቄው የሐኪም ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን የታሪክ ሰው ነኝና የምጠይቀው በሌላ በኩል ነው። በዚያ ዘመን ለእነዚህ ልጆች ከተሰጠው ክብካቤ የትኛው በመዝገብ ሰፈረ? የትኛውስ ሳይጻፍ ቀረ? ሳይጻፍ የቀረውስ ወዴት ሄደ?

የምሟገትለት ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ኢንሱሊኑ በብዙ ድካም ተጠብቆ ቆየ። ልጁን «እንዴት ሰነበትህ? መርፌው አልሰለቸህም? በትምህርት ቤት የሚያስቸግርህ አለ?» ብሎ የሚጠይቀው የሰው ድምፅ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ጠፋ። የጠፋውም ማንም ክፉ ስላሰበ አይደለም፤ ቀድሞውኑ የራሱ ስም፣ የራሱ ክፍልና የራሱ መዝገብ ስላልነበረው ነው።

ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና

አገራችን ወረርሽኝን የምታውቀው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አይደለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ተረፉ። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» በሚል ልማድ ትዝታውን እስከ ዛሬ አቆይቶታል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትም ስለዚህ ወረርሽኝ በጻፉት ጥናት ለታሪክ ተማሪዎች መንገድ ከፍተውልናል።

በዚያ ወረርሽኝ ታሪክ ውስጥ ግን ዛሬ የምንነጋገርባቸውን ልጆች ብንፈልግ አናገኛቸውም። ምክንያቱም በ1911 ዓ.ም. ዓይነት 1 የስኳር ሕመም የያዘው ልጅ በአዲስ አበባም ሆነ በለንደን ወይም በኒውዮርክ ብዙ ጊዜ የሚቆይ ሕይወት አልነበረውም። የዘመኑ ሐኪሞች ያላቸው ብቸኛ ዘዴ ምግብ አሳንሶ፣ ልጁን በረኃብ ጥቂት ወራት ማቆየት ነበር። ይህ የተለወጠው በቶሮንቶ ነው። ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት እ.ኤ.አ. በ1921 የጀመሩት ምርምር ፍሬ አፍርቶ፣ በጥር 1914 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1922) ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን በመወጋት የመጀመሪያው ታካሚ ሆነ።

እንግዲህ የስኳር ሕመም እያለበት የሚያድግ፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ፣ የሚኮርፍ፣ የሚፈራ፣ ስለ ትዳሩና ስለ ሥራው የሚያስብ ልጅ በታሪክ ውስጥ አዲስ ሰው ነው። ኢንሱሊን ሞቱን አዘገየለት እንጂ ሸክሙን አላነሣለትም። ይህን የዓለም ሐኪሞች ቀድመው ተረድተውታል። ኢንሱሊን ከተገኘ ጥቂት ዓመታት ብቻ እንዳለፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1925፣ በአሜሪካ በሚቺጋን ግዛት የስኳር ሕመም ላለባቸው ልጆች የመጀመሪያው የበጋ ካምፕ ተከፈተ። ልጆቹ እዚያ ከመርፌው ባሻገር ያገኙት ሌላ ነገር ነበር፤ «እንደ እኔ ያለ ሌላ ልጅ አለ» የሚለውን እውቀት። ዛሬ የሕፃናት የስኳር ሕመም ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር በሚያወጣቸው መመሪያዎች ውስጥ የልጁን የሥነ ልቦና ሁኔታ በየጊዜው መመርመር የሕክምናው አካል እንጂ ተጨማሪ አይደለም።

በተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ የሚሰጥ ሕክምና

በአገራችን ይህ ክብካቤ በምን መልክ ይሰጥ ነበር? የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ሌሎች የሪፈራል ሆስፒታሎች የሕፃናት ክፍሎች ለዓመታት ክትትል ሲያደርጉ ቆይተዋል። በሕፃናት የሆርሞን ሕክምና የሠለጠኑ ሐኪሞቻችን ቁጥር ያደገው እ.ኤ.አ. በ2008 በናይሮቢ የተከፈተው የአፍሪካ ማሠልጠኛ ማዕከል ከተጀመረ ወዲህ ነው። ለልጆች ነጻ ኢንሱሊንና መለኪያ በዓለም አቀፍ ፕሮግራሞች በኩል መምጣት ጀመረ። ይህ ሁሉ ትልቅ እርምጃ ነው።

የልጁ ስሜት ግን ልዩ ባለሙያ አልነበረውም። ክብካቤው የሚፈጸመው በቀጠሮ ቀን፣ በተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ነበር። እናት ከእናት ትጨዋወታለች፤ አንዷ «የእኔማ በመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ ነበረ፣ አይዞሽ» ትላለች። የ8 ዓመቱ ልጅ የ15 ዓመቱን አይቶ ከዚህ በሽታ ጋር ማደግ እንደሚቻል በዓይኑ ያረጋግጣል። ነርሷ ስኳሩን እየለካች ፊቱን ታያለች፤ ከስታ የመጣችውን ልጅ «ቤት ውስጥ ምን አለ?» ብላ ወደ ጎን ትወስዳታለች። በካርዱ ላይ የሚጻፈው ቁጥሩ ነው፤ ክብደት፣ የስኳር መጠን፣ የኢንሱሊን ዩኒት። «አይዞሽ» የሚጻፍበት ዓምድ የለም።

ይህን ስል ነገሩን ለማቃለል አይደለም። ያ አግዳሚ ሕክምና ነበር። በቀን 2 ጊዜና ከዚያም በላይ ራሱን የሚወጋ፣ ጣቱን እየበሳ የሚለካ፣ እኩዮቹ የሚበሉትን እያየ የሚታገሥ ልጅ ሲታክተው የመጀመሪያው ምልክት ለቅሶ አይሆንም፤ መርፌውን መዝለል ይሆናል። መርፌው ሲዘለል በደሙ ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል፤ ኬቶአሲዶሲስ የሚባለው ገዳይ አደጋ ይከተላል። ስለዚህ የልጁ ተስፋ መቁረጥና የልጁ ሞት በሁለት የተለያዩ ክፍሎች የሚታከሙ ነገሮች አይደሉም።

ሦስቱ ከተሞች

ሰበታ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሰበታን ብዙዎቻችን በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትና በሜታ ቢራ ፋብሪካ፣ ቡራዩን በገፈርሳ ግድብ፣ ሱሉልታን በወተትና በሯጮች እናውቃቸዋለን። በአስተዳደር የኦሮሚያ ክልል ከተሞች ናቸው። በኑሮ ግን ከዋና ከተማዋ ጋር የተሰፉ ናቸው፤ ሠራተኛው በጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይገባል፣ በማታ ይመለሳል። የቤት ኪራይ ያባረረውም፣ ከገጠር የመጣውም፣ ፋብሪካ የሳበውም እዚያ ተጠራቅሟል። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከለገጣፎ ለገዳዲና ከገላን ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ።

ለስኳር ሕመምተኛው ልጅ ይህ አቀማመጥ አንድ ልዩ ውጤት አለው። ጤና ጣቢያው በአንድ አስተዳደር፣ ልዩ ሐኪሙ በሌላ አስተዳደር ሥር ነው። ከሱሉልታ የሚነሣ ልጅ በአዲሱ ገበያ፣ ከቡራዩ የሚነሣው በአስኮ፣ ከሰበታ የሚነሣው በዓለም ገናና በአየር ጤና አድርጎ ወደ መሀል ከተማ ይወርዳል። መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ይህን ወሰን ማንም ልብ አይለውም። ወሰኑ ወሰን መሆኑ የሚታወቀው መንገዱ ሲዘጋ ነው።

ሌላም ወሰን አለ፤ የቋንቋ ወሰን። በእነዚህ ከተሞች ብዙ ልጆች በቤታቸው የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው፤ በመሀል ከተማው ሆስፒታል የሚጠየቁት ግን ባመዛኙ በአማርኛ ነው። «ስኳርህ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ በየትኛውም ቋንቋ መልስ አለ፤ ቁጥር ወሰን ይሻገራል። «ምን ይሰማሃል?» ለሚለው ግን ልጅ የሚመልሰው በእናቱ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ተሻግሮ ስሜቱ በወሰኑ ላይ ይቀራል።

የ2012 ዓ.ም. ወራት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ክልሎች የሕዝብ ማመላለሻን ከከተማ ከተማ ማገድ ጀመሩ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ታክሲዎችና አውቶቡሶች ከመቀመጫቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ሲታዘዙ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ሰኔ 22 ቀን ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ ሁከት ተከተለ፣ መንገዶች ተዘጉ፣ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። በዋና ከተማዋ ዙሪያ ላለ ቤተሰብ ወረርሽኙና ግርግሩ ሁለት የተለያዩ ክስተቶች አልነበሩም፤ አንዱ የዘጋውን መንገድ ሌላው በድጋሚ ዘጋው።

በሕክምናው በኩልም ቦታው ጠበበ። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕክምና ማዕከል የሆነው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው። ይህ ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን ለተመሠረተው ለአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ማስፋፊያና ማቃለያ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ውሳኔው በዚያ ጭንቀት ውስጥ የሚጠበቅ ሊሆን ይችላል። ለታሪክ ጸሐፊ ግን አንድ ነገር ይናገራል፤ አስቸኳይ ቦታ ሲፈለግ ቀድሞ የተገኘው ለአእምሮ ጤና የታሰበው አልጋ ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 በ155 አገሮች ባደረገው ዳሰሳ በ49 በመቶዎቹ የስኳር ሕመም ሕክምና ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ተስተጓጉሎ ነበር። በዚያው ዓመት በ130 አገሮች ስለ አእምሮ ጤና በተደረገው ዳሰሳ ደግሞ 93 በመቶዎቹ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አገልግሎት መስተጓጎሉን ተናግረዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና ተመልከቷቸው። መዳሰሻዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ በቀጥታ አይነጻጸሩም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያሉ። በጀርመን እንኳ፣ ሆስፒታልና መድኃኒት በተሟላበት አገር፣ በ2020 የፀደይ ወራት አዲስ የስኳር ሕመም ከተገኘባቸው ልጆች 44.7 በመቶዎቹ የመጡት ኬቶአሲዶሲስ ይዟቸው ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በተመሳሳይ ወራት ይህ ቁጥር 24.5 በመቶ ነበር። ሐኪም አልጠፋም፤ መድኃኒት አልጠፋም፤ ወላጅ ፈርቶ ዘገየ። ፍርሃት ራሱ የሕመሙ አካል ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ምን ተረፈ? ምን ቀረ?

በሦስቱ ከተሞች ከወላጆችና ከጤና ሠራተኞች ጋር በተለያዩ ጊዜያት ተጨዋውቻለሁ። የነገሩኝ የቃል ምስክርነት ነው፤ የምጠቀምበትም እንደ ምስክርነት እንጂ እንደ ቆጠራ አይደለም።

የሰማሁት መጀመሪያ የጀግንነት ታሪክ ነው። በሱሉልታ አንዲት እናት ልጃቸውን ቤት ትተው፣ ፌስታል ውስጥ ያለ የውኃ ጠርሙስ በበረዶ አቀዝቅዘው፣ እጥፍ ከፍለው በታክሲ ወርደው የ2 ወር ኢንሱሊን ይዘው ይመለሱ ነበር። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ብልቃጡ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በገንቦ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ የእናቶች ብልሃት በኋላ በሳይንስም ድጋፍ አግኝቷል፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ጥናት ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ውስጥ ለ4 ሳምንታት ኃይሉን እንደሚጠብቅ አሳይቷል።

ቀጥሎ የሰማሁት ግን የዝምታ ታሪክ ነው። ለልጁ ደኅንነት ሲባል እናት ብቻዋን መድኃኒት እንድትወስድ መደረጉ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በዚያው ውሳኔ ልጁ ከሐኪሙ ፊት ጠፋ። እናቲቱ እንዲህ አሉኝ፦ «መድኃኒቱን ሰጡኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ልጄን ግን ለ7 ወር ማንም አላያትም። እኔም አላየኋትም፤ አጠገቤ ተቀምጣ።» ልጅቱ መርፌውን እየወሰደች መስላ ብልቃጡን ታጎድል ነበር። ለምን ቢሏት፣ ኮሮና ስኳር ያለበትን ሰው እንደሚገድል በሬዲዮ ሰምታለች። «ለማይቀር ሞት ለምን እወጋለሁ?» ነበር መልሷ። ማስጠንቀቂያው ለአዋቂዎች ጥንቃቄ የተነገረ ነበር፤ ለ11 ዓመት ልጅ የሚተረጉምላት ሰው ግን አልነበረም።

በሰበታ አንድ ወጣት የነገረኝ ስለ ስልክ ነው። ከሆስፒታል አንዳንድ ጊዜ ይደወል ነበር፤ ይህ የደዋዮቹን ቅንነት ያሳያል። ስልኩ ግን የአባት ነው። «አባቴ ስፒከር ላይ ያደርገዋል፤ እኔም ‹ደኅና ነኝ› እላለሁ» አለኝ። በአባት ፊት፣ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ልጅ ከ«ደኅና ነኝ» በቀር ምን ይላል? በመዝገቡም የሚጻፈው ይኸው «ደኅና ነው» የሚለው ቃል ነው። እንግዲህ ነገ ያን መዝገብ የሚያነብ ተመራማሪ፣ በ2012 ዓ.ም. ልጆቹ ደኅና ነበሩ ብሎ ይደመድማል።

በቡራዩ ደግሞ አንዲት ነርስ የትምህርት ቤት መዘጋት ያመጣውን ሁለት ገጽታ አስረዱኝ። አንዳንዱ ልጅ ተገላገለ፤ መርፌውን በመጸዳጃ ቤት ተደብቆ መወጋት ቀረለት። ሌላው ግን ቀኑን የሚያስይዝለት ደወል ጠፋበት፤ ቁርሱ፣ መርፌውና እንቅልፉ ተዘበራረቁ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በየደረጃው መከፈት ሲጀምሩም፣ ሕመሙን በቤት ውስጥ በምስጢር ይዞ የቆየ ልጅ እንደገና በእኩዮቹ መካከል ሊገልጠው ወይም ሊሸሽገው ግድ ሆነበት። ለዚህ መመለሻ ያዘጋጀው ሰው አልነበረም።

ሌላ መንገድ ነበረን?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ኦክስጅን በጎደለበት አገር ስለ ልጅ ስሜት ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» ይባላል። መልሴን ከራሳችን ታሪክ እወስዳለሁ።

የኤች.አይ.ቪ. ሕክምናን ተመልከቱ። ጤናቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚወስዱበት አሠራር በአገራችን ከወረርሽኙ በፊት ተጀምሮ ነበር። ከዚያም በላይ፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ራሳቸው በየጤና ተቋሙ ተቀጥረው ሌሎችን ይደግፉ፣ የጠፋውን ይፈልጉ ነበር፤ የእናቶች የድጋፍ ቡድኖችም ነበሩ። የዚህ ጨዋታ ባለቤት፣ ደመወዝና መዝገብ ነበረው። ስለዚህ ወረርሽኙ ሲመጣ የሚጠብቀው ሰው አገኘ። ልዩነቱ የሀብት ብቻ አይደለም፤ «ማበረታታት ሥራ ነው» ብሎ የመጻፍ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በዚያ ጊዜ በጉራጌ ዞን ሥር ከነበረው ከሶዶ ወረዳ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዓመታት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና ከሌሎች ጋር የአእምሮ ጤና ሕክምናን በጤና ጣቢያ ሠራተኞች አማካይነት መስጠት እንደሚቻል በተግባር አሳይተዋል። ሦስተኛው ከጎንደርና ከጅማ ነው፤ ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ፣ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የስኳር ሕመምንና የሚጥል በሽታን ክትትል ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አውርደው፣ ሠልጣኝ ነርስ ብዙ ሊሠራ እንደሚችል አስመስክረዋል። እውቀቱ በእጃችን ነበር። ያልተደረገው ሁለቱን በአንድ ልጅ ላይ ማገናኘት ነው፤ ስኳሩን የሚለካው ሰው ስሜቱንም እንዲጠይቅ፣ የጠየቀውንም እንዲጽፍ።

ከዚህ የምደርስባቸው ነጥቦች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ክትትሉ ወሰን የማይቆርጠው፣ በእግር የሚደረስበት ጤና ጣቢያ መሆን አለበት፤ ሸገር ከተማ እንደ አዲስ አስተዳደር ጤና አገልግሎቱን ሲያደራጅ ይህን ለማሰብ ጊዜው ገና አላለፈም። ሁለተኛ፣ ጥያቄው በልጁ ቋንቋና ልጁ ብቻውን በሚሆንበት ሰዓት መጠየቅ አለበት፤ ስልክም ከሆነ ከልጁ ጋር ለብቻ የሚደረግ ይሁን። ሦስተኛ፣ በካርዱ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር። ከስኳሩ ቁጥር ጎን «ልጁ ምን አለ?» የሚል። ይህ ዓምድ ገንዘብ አይጠይቅም። ነገር ግን ባዶ ሆኖ ሲገኝ የሚያሳፍር ዓምድ ነው፤ ወረርሽኝ ሲመጣም መቋረጡን ወዲያው የሚናገር።

ይህን የመጨረሻ ነጥብ የምናገረው እንደ ታሪክ ሰው ነው። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ስለ ልጆች ስሜት የወረስነው ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቃቸው ስላልነበረ ሳይናገሩ አለፉ። የ2012 ዓ.ም. ልጆች ግን አሉ። ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ለዩኒቨርሲቲ ደርሷል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ቦርሳው ውስጥ ብልቃጥ የያዘ ወጣት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ሩቅ አትሂዱ፤ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው። ሂዱና በሚቀናቸው ቋንቋ ጠይቋቸው፤ «ደኅና ነኝ» ሲሏችሁም ቶሎ አትነሡ፣ ትንሽ ተቀመጡ።